«ልቤን»፣ «ወገቤን»፣ «ኩላሊቴን»፦ መልኩን እየቀያየረ ስለሚመጣው የአኦርታ መሰንጠቅ

(በጎባ በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር። ለዓመት መጽሐፉ ሲዘጋጅ አነጋገሩ እንዳለ እንዲቆይ ተደርጓል።)

ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የመጣችሁ የጎባን ብርድ ረስታችሁት እንደነበር ከአለባበሳችሁ አይቻለሁ። ጋቢ የያዘ ለጎረቤቱ ያካፍል።

የመገናኛው አዘጋጆች «አጠር ያለ፣ ለሁላችንም የሚጠቅም ነገር አቅርብልን» ሲሉኝ ስለ ሳንባ ምች ወይም ስለ ቲቢ ባወራ ይቀል ነበር። በየቀኑ የምናየው እሱን ነውና። እኔ ግን የመረጥኩት አንዳንዶቻችን ከተመረቅን ጀምሮ በካርድ ላይ ጽፈነው የማናውቀውን በሽታ ነው፤ አጣዳፊ የአኦርታ መሰንጠቅን። ያልጻፍነው በሽታው ወደ እኛ አልመጣ ብሎ ነው? ወይስ በሌላ ስም መጥቶ በሌላ ስም ስለሄደ? ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ይሄ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይሄኛው በሽታ ግን ታካሚው አይደብቀውም። ራሱ ነው የሚደበቀው። መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ የልብ ቀዶ ሐኪም አይደለም። አጋርፋ፣ ጊኒር ወይም ደሎ መና ላይ ሌሊት ተረኛ የሆነው ጠቅላላ ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ለልብ ስፔሻሊስቶች ሳይሆን ለተረኛው ነው።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ እናስታውስ። አኦርታ ከልብ ወጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ታጥፎ የጀርባ አጥንትን ተከትሎ ወደ ሆድ ይወርዳል። ግድግዳው ሦስት ድርብ አለው። አሁን የለበሳችሁትን ጋቢ አስቡት። የውስጠኛው ድርብ አንድ ቦታ ላይ ቢቀደድና እጃችሁን በቀዳዳው ብታስገቡ፣ ድርቦቹን እያላቀቃችሁ እስከ ጫፉ ድረስ መሄድ ትችላላችሁ። በአኦርታ ላይ እጁ ደሙ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ደሙ በድርቦቹ መሃል እየገፋ ሐሰተኛ ቦይ ይከፍታል። በመንገዱ ላይ ያገኘውን ቅርንጫፍ ሁሉ ሊዘጋ ይችላል። ወደ ውጭ ከፈነዳ ወይም ደሙ ወደ ልብ ከረጢት ከገባ ደግሞ ታካሚው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።

የዚህ በሽታ ተንኮል ሁሉ ከቅርንጫፎቹ ይመነጫል። ወደ አንጎል የሚሄደው ቅርንጫፍ ሲዘጋ ስትሮክ ይመስላል። የልብ ቅርንጫፍ ሲዘጋ የልብ ድካምና የልብ ጡንቻ መሞት፣ የአንጀት ሲዘጋ የሆድ ቁርጠት፣ የእግር ሲዘጋ የነርቭ ወይም የወገብ ሕመም ይመስላል። የተሰንጠቀው አንድ ቧንቧ ነው፤ የሚጮኸው ግን እንደ አጋጣሚው ሌላ ሌላ አካል ነው።

ስንጥቁ ወደ ላይ የሚወጣውን የአኦርታ ክፍል ከነካ ዓይነት ኤ እንለዋለን፤ ካልነካ ዓይነት ቢ። ይሄ የስታንፎርድ አከፋፈል ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ የምንጠቀምበት ነው። ዓይነት ኤ ሳይታከም ሲቀር በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በየሰዓቱ ከመቶ ከ1 እስከ 2 ታካሚ ይሞታል ተብሎ ይገመታል። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ በየቀኑ አላልኩም፣ በየሰዓቱ ነው ያልኩት።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የእነዚህን ታካሚዎች ታሪክ የሚመዘግብ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀምሯል። በ2000 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ዘገባው 464 ሰዎችን የያዘ ነው። ከመቶ 85 ያህሉ ሕመሙ ድንገት እንደጀመራቸው ተናግረዋል። መጽሐፍ ላይ የተማርነው «የሚሰነጥቅ፣ የሚቀድ» ሕመም ግን በግማሾቹ ብቻ ነው የተገኘው። «የሚወጋ» ያሉት ይበልጣሉ። ከመቶ 30 የሚጠጉት ሆዳቸውን አሟቸዋል። ከመቶ 9 ያህሉ ራሳቸውን ስተዋል። ኢሲጂ ከመቶ 31ዱ ላይ ደህና ነበር። የደረት ኤክስሬይም ከመቶ 12ቱ ላይ ምንም አላሳየም። የእጅ ወይም የእግር የደም ሥር ምት መጥፋት የታየው ደግሞ ከመቶ 15ቱ ላይ ብቻ ነው። ከዚሁ መዝገብ በ2004 በወጣ ሌላ ዘገባ ከመቶ 6 የሚሆኑት ምንም ሕመም አልነበራቸውም፤ የሞቱትም ሕመም ከነበራቸው ይልቅ በዝተው ተገኝተዋል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ያልጮኸውን ማን ፈጥኖ ያየዋል?

አሁን ወደ ራሳችን ድንገተኛ ክፍል እንምጣ። የባሌ ታካሚ ሕመሙን እንዴት ነው የሚነግረን? አማርኛ ተናጋሪው «ልቤን» ሲል እጁን የት እንደሚያደርግ አይታችኋል፤ ብዙ ጊዜ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ጨጓራው ላይ ነው። እኛም «ጨጓራ ነው» ብለን ኦሜፕራዞል እናስባለን። «ኩላሊቴን» ሲል ደግሞ ወገቡንና ጎኑን ማለቱ ነው። «ብርድ መታኝ» ሲል ትከሻው፣ ጀርባው፣ ደረቱ፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል። በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ብርድ የማይመታው ማን አለ? አብዛኛው ታካሚያችን የሚነግረን በአፋን ኦሮሞ ነው። አንዳንዴ አስታማሚው ወይም አንድ ባልደረባችን ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ እኛ ደግሞ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ እንጽፈዋለን። በሦስት ቋንቋ ሲሻገር ሕመሙ የት እንደሆነ አይጠፋም። የሚጠፋው «ድንገት» የምትለዋ ቃል ናት። ታካሚው «በሬዎቹን እየፈታሁ ሳለ፣ እንደ ጥይት» ብሎ የተናገረው ካርዱ ላይ ሲደርስ «የጀርባ ሕመም፣ አንድ ቀን» ሆኖ ይቀራል። አያችሁ፣ ምርመራው ያመለጠን ገና ስቴቶስኮፕ ሳንይዝ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አምስት ታካሚዎችን እናስብ። እነዚህ ለትምህርት ያዘጋጀኋቸው ምሳሌዎች ናቸው፤ ማንንም አይወክሉም። ግን ሁላችሁም እንደምታውቋቸው አልጠራጠርም።

የመጀመሪያዋ ከሲናና የመጡ የ60 ዓመት እናት ናቸው። የስንዴ አጨዳ ላይ ለሠራተኛው ምሳ ሲያቀርቡ ወደቁ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ነቁ። ምንም አያማቸውም። የግፊት መድኃኒት ነበራቸው፤ «ራሴን አላመመኝም» ብለው ካቆሙት ሰንብተዋል። ከነቁ በኋላ ደም ግፊታቸው ዝቅ ብሏል፤ የአንገታቸው ደም መልስ አብጧል። «ጾም ላይ ስለሆኑ ደከማቸው» ማለት ይቀላል። ግን ራሷን የሳተች፣ ግፊት ያለባት፣ አሁን ግፊቷ የወረደና አንገቷ ያበጠ ሴት አልትራሳውንድ ሳይደረግላት ወደ ቤት አትሄድም። በልብ ከረጢቷ ውስጥ ደም ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ግራ ጎናቸው በድንገት የሰነፈ አባወራ ናቸው። ስትሮክ ነው፤ እውነት ነው፣ ስትሮክ ነው! ጥያቄው ስትሮኩን ምን አመጣው የሚለው ነው። ነርሷ በቀኝ ክንድ ለክታ 95 በ60 አገኘች። ስትሮክ ያለበት ሰው ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል እንጂ እንዲህ አይወርድም። በግራ ሲለካ 175 ሆነ። ወደ ቀኝ ክንድና ወደ ቀኝ አንጎል ደም የሚወስደው ቅርንጫፍ አንድ ግንድ ስላለው ሁለቱም አብረው ተጎድተዋል። በአንድ ክንድ ብቻ ብንለካ ኖሮ ይሄን አናየውም ነበር። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ወይም ሄፓሪን ሰጥተን ቢሆንስ? ለሌላው ስትሮክ መዳኛ የሆነው ለእሳቸው መሞቻ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ሮቤ ላይ የስንዴ ኩንታል የሚጭን ወጣት ነው። ኩንታሉን ሲያነሳ ጀርባውን ወጋው፤ ወዲያው ሁለት እግሮቹ ከዱት። ሁላችንም ወደ ዲስክ ነው የምንሮጠው። ነገር ግን የዲስክ ሕመም እግርን አያቀዘቅዝም። ብርድ ልብሱን ገልጠን እግሩን በእጃችን ብንነካ፣ በብሽሽቱ ላይ ምቱን ብንፈልግ፣ አንዱ ወገን ላይ አናገኘውም። ከባድ ነገር ሲነሳ ግፊት በቅጽበት ያሻቅባል፤ ደካማ ግድግዳ ያለው አኦርታ ያኔ ነው የሚሰነጠቀው።

አራተኛው «ልቤን» ያሉት ናቸው። ኢሲጂው የታችኛው የልብ ግድግዳ ጡንቻ እየሞተ መሆኑን ያሳያል። አስፕሪንና ሄፓሪን ትዕዛዝ ላይ ሊጻፍ ነው። ስንጥቁ ወደ ልብ ሲመለስ የቀኙን የልብ ቅርንጫፍ መዝጋቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ኢሲጂው አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ብዕራችንን ከማሳረፋችን በፊት ሁለቱን ክንድ እንለካ፤ ከደረት አጥንቱ በግራ በኩል አዲስ የሚያፈስ የቫልቭ ድምፅ እናዳምጥ።

አምስተኛዋ የወለደች ሦስተኛ ቀኗ የሆነች ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ የረዘሙ ወጣት ናት። ደረቷን ይዟታል። ሳንባዋ ላይ የረጋ ደም ይሆናል ብለን ሄፓሪን እናስባለን፤ ማሰባችንም ትክክል ነው። ግን ወንድሟ ወይም አባቷ በወጣትነቱ «በድንገት አርፎ» እንደሆነ እንጠይቃት። ማርፋን ያለባት ሴት በእርግዝናዋ መጨረሻና ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት አኦርታዋ የመሰንጠቅ አደጋው ይጨምራል።

ከነዚህ ሌላ ድምፅ ድንገት የሚጎረንንበት፣ መዋጥ የሚያቅተው፣ አንድ ዓይኑ ሽፋሽፍቱ የሚወርድበት ታካሚም አለ። ሁሉንም መሸምደድ አይጠበቅብንም። አንድ የጋራ መስመር አላቸው፤ ድንገት የጀመረ ነገር፣ እርስ በርስ የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት አካላትን በአንድ ጊዜ ሲያጠቃ አኦርታን አስቡ። ደረትና እግር፣ ጀርባና አንጎል፣ ሆድና ክንድ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መንገድ አንድ ነው።

«ይሄ እኛ ማሽን ስለሌለን የሚመጣ ችግር ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጆናታን ላርሰን የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ድራማ ደራሲ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በኒውዮርክ ከተማ፣ ማሽን በሞላበት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ድንገተኛ ክፍል ሄዷል። አንዱ ጋ የምግብ መመረዝ፣ ሌላው ጋ የቫይረስ ሕመም ነው ተባለ። ጥር 25 ቀን፣ «ሬንት» የተባለው ሥራው ለተመልካች ሊታይ ሰዓታት ሲቀሩት፣ በ35 ዓመቱ ሞተ። ምክንያቱ የአኦርታ መሰንጠቅ ነበር። ማሽኑ የሚሠራው መጀመሪያ ሰው ሲያስብ ነው።

የስንጥቁን አከፋፈል በስማቸው የምንሸመድደው ማይክል ደቤኪ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 31 ቀን 2005፣ በ97 ዓመታቸው፣ ቤታቸው ሳሉ ይሄው በሽታ ያዛቸው። ምን እንደያዛቸው አውቀውታል። በየካቲት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እስከ 2008 ኖረዋል። ለእኛም ቅርብ የሆነ ሌላ ስም ልጥቀስ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ.፣ የጸጥታው ምክር ቤትን ልዑክ እየመሩ አዲስ አበባና አስመራ የመጡት ሪቻርድ ሆልብሩክ በታኅሣሥ 2010 ዋሽንግተን ውስጥ ሥራ ላይ ሳሉ አኦርታቸው ተሰንጥቆ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸውም በቀናት ውስጥ አርፈዋል። ቀዶ ሐኪሙ ጎረቤት ላለለትም ጊዜው ጠባብ ነው። ከጎባ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የደሎ መና ታካሚ ደግሞ የሐረና ጫካንና ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ሳነቴን አቋርጦ ነው ገና ጎባ የሚደርሰው። ስለዚህ የእኛ ድርሻ የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ምን እናድርግ?

ሦስት ጥያቄ፦ ሲጀምር ምን እያደረግክ ነበር? ሲጀምር ነው የባሰው ወይስ ቀስ እያለ ጨመረ? ከጀመረ በኋላ ቦታ ቀየረ ወይ? ታካሚው የጀመረበትን ቅጽበት ነቅሶ ከተናገረ ጆሯችን ይቁም።

ሦስት የእጅ ሥራ፦ ግፊትን በሁለቱም ክንድ መለካት፤ የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ከተለያየ መጠርጠር። የአራቱንም እጅና እግር ምት መዳሰስ። ልብን ተቀምጦ፣ ወደ ፊት ዘንበል አስደርጎ ማዳመጥ። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አልትራሳውንድ ካለ የልብ ከረጢትን፣ የአኦርታን ሥርና የሆድ አኦርታን እዩ። ግን የተገኘ ነገር ያረጋግጣል እንጂ ያልተገኘ ነፃ አያወጣም። ጥርጣሬው ከቆየ ሲቲ ስካን ነው የሚፈርደው።

ከዚያ መድኃኒት። ሕመሙን በሞርፊን አስታግሱ፤ ሕመም ራሱ ግፊት ነው። የልብ ምት በደቂቃ ከ60 በታች፣ የላይኛው ግፊት ከ100 እስከ 120 እንዲሆን ነው የምንፈልገው፤ አንጎልና ኩላሊት ደም እስካገኙ ድረስ። የሚለካው ከፍ ባለው ክንድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩልኝ። በየሆስፒታላችን ለእርጉዝ እናቶች ግፊት የምንይዘው ሃይድራላዚን አለ። እጃችን ወደ እሱ ይሄዳል። ሃይድራላዚን ብቻውን ሲሰጥ ግፊቱን ያወርዳል፤ ልብን ግን ያስጋልባል፤ የእያንዳንዱ ምት ጉልበት ስንጥቁን ይገፋዋል። ስለዚህ ቤታ ብሎከር ይቀድማል። በደም ሥር የሚሰጠው ከሌለ የሚዋጠው ፕሮፕራኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ከምንም ይሻላል። አስም ያለበት፣ ግፊቱ የወረደ ወይም ቫልቩ በኃይል የሚያፈስ ከሆነ ግን ጥንቃቄ፤ ስልክ አንስታችሁ የሚበልጣችሁን ጠይቁ። ጥርጣሬው ሳይጠራ አስፕሪን፣ ሄፓሪንና የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አይሰጥም።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር ልንገራችሁ። ዓይነት ቢ የሆነውና ቅርንጫፍ ያልዘጋው በአብዛኛው በመድኃኒት ነው የሚታከመው። በዚያው በ2000 ዘገባ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት የዓይነት ቢ ታካሚዎች ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ከመቶ 11 ያህል ናቸው። በሌላ አነጋገር ብዙዎቹ የሚድኑት በቀዶ ሐኪም ቢላ ሳይሆን ተከታትሎ ግፊትን በመያዝ ነው። ይሄ ደግሞ እዚህም የሚቻል ሥራ ነው።

ዓይነት ኤ ግን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ደረት ከፍቶ አኦርታን መጠገን የሚችል ማዕከል በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ደውሉ። ተቀባይ ሳይገኝ የተላከ ታካሚ በር ላይ ነው የሚሞተው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የጀመረበትን ሰዓት፣ የሁለቱንም ክንድ ግፊት፣ የሰጣችሁትንና ሆን ብላችሁ ያልሰጣችሁትን መድኃኒት ጻፉ። ሞርፊንና ቤታ ብሎከር የያዘ ነርስ አብሮ ይሂድ። ለቤተሰቡም እውነቱን ንገሩ። ከብት ሸጠው ነው የሚሄዱት፤ መንገድ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ሳያውቁ አይሳፈሩ። አስበው «እዚሁ፣ ከልጆቹ ጋር ይሁን» ካሉም መብታቸው ነው፤ ሕመሙን የማስታገሱ ሥራ ያኔም የእኛ ነው።

በመጨረሻ ስለ መከላከል። የዚህ በሽታ ትልቁ መንስኤ ደም ግፊት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 16 በሚጠጉ አዋቂዎች ላይ ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቷል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም መድኃኒቱን የሚያቆመውን፣ ራሱን ካላመመው ግፊት የለብኝም የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጾሙን ሳያፈርስ በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት እንዳለ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማስረዳት ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በላይ አኦርታ ያድናል።

መምህሮቻችን፣ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። «ይሄ በሽታ እኛ ጋ ብዙ የለም» ብለን የምናስተምረው በምን ማስረጃ ነው? በአገራችን በድንገት የሞተ ሰው አስከሬን ብዙ ጊዜ አይመረመርም፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ሃይማኖታችንና ባህላችን ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ያልፈለግነውን «የለም» ማለት አንችልም። ተማሪዎቻችን ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ካርዱ ላይ «ግራ ክንድ፣ ቀኝ ክንድ» የሚሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች ያግኙ። ባዶ ቦታ ያየ ተማሪ ይሞላዋል። «ሲጀምር ምን እያደረገ ነበር?» የምትል አንዲት መስመርም ትጨመርበት፤ «ድንገት» የምትለዋ ቃል በሦስት ቋንቋ ስትሻገር የምትጠፋው ማስቀመጫ ስለሌላት ነው።

አዲስ አበባና ውጭ ያላችሁት ደግሞ፣ ከባሌ የተላከላችሁ ታካሚ ምን እንደሆነ መልሳችሁ ለላኪው ንገሩት። ዳነም ሞተም። ተረኛው ቀጣዩን ታካሚ የሚያውቀው በእናንተ መልስ ነው። አሁን ከሻይ በፊት ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት የምትደዋወሉት እናንተው ናችሁ።